ለጠረጴዛ የሚሆን ትንሽ ፓሲቭ ስፒከር መረጣ፦ ከኮዬ ፈጬ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ልኬት

ክፍሉ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ መኝታ ቤት ነው፤ ርዝመቱ 3.4 ሜትር፣ ወርዱ 2.8 ሜትር ነው። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ከፍራሹና ከመጋረጃው በስተቀር ድምፅ የሚውጥ ነገር የለውም። ጠረጴዛው 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሲኖረው ከግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ስቀመጥ ጆሮዬ ከጠረጴዛው ገጽ ወደ 40 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል።

ስፒከር ከመፈለጌ በፊት ክፍሉን በሜትር የለካሁት የባሱ ጉዳይ ስላሳሰበኝ ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የሚመላለሰው የመጀመሪያው ድምፅ የሚገኘው ይህን ቁጥር ለርዝመቱ እጥፍ በማካፈል ነው። በእኔ ክፍል ውጤቱ በርዝመቱ ወደ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት)፣ በወርዱ ደግሞ ወደ 61 ኸርዝ ሆኗል። እነዚህ ሁለት ድምፆች ስፒከሩ ምንም ይሁን ምን በክፍሉ ውስጥ ያብጣሉ፤ ስለዚህ በዚሁ አካባቢ ኃይለኛ ባስ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ማምጣት ያበጠውን ይበልጥ ማሳበጥ ነው። ከዚህ በመነሣት ዉፈሩ (ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ሸራ) ከ4 እስከ 5 ኢንች እንዲሆን፣ የሣጥኑም ጥልቀት ከ20 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ወሰንሁ።

ፓሲቭ፣ ማለትም አምፕሊፋየር በውስጡ የሌለበት ስፒከር፣ የመረጥሁት በጥገና ምክንያት ነው። አምፕሊፋየሩ በሣጥኑ ውስጥ የተገጠመለት ስፒከር ቦታ ይቆጥባል፣ ገመድም ይቀንሳል፤ ነገር ግን በሰፈራችን የመብራት ኃይል ከፍና ዝቅ ስለሚል ቦርዱ ሲቃጠል ደኅና የነበረው ስፒከርም አብሮ ዝም ይላል። አምፕሊፋየሩ ለብቻው ከሆነ የተበላሸውን ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻላል።

የማደምጠው በአብዛኛው በሸክላ ዘመን የተቀዱ የባንድ ሙዚቃዎችን፣ ክራርና ማሲንቆን፣ በጾም ወቅት ደግሞ በገናን ነው። ይህን የምጽፈው የምርጫው አካል ስለሆነ ነው፤ በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ ዋናው ነገር ያለው በመካከለኛው የድምፅ ክልል ነው።

ጥቅምት አጋማሽ፦ የዋቱ ሒሳብ

ሻጮች አስቀድመው የሚናገሩት ዋት ነው፤ 100 ዋት፣ 200 ዋት ይላሉ። ለጠረጴዛ አድማጭ ግን ከዋቱ ይልቅ ሴንሲቲቪቲው ይጠቅማል፤ ይህም ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት የሚያወጣው የድምፅ መጠን ነው። ትንንሽ ስፒከሮች ዘንድ 85 ዲሲቤል የተለመደ ስለሆነ ሒሳቡን በዚሁ ሠራሁ። ከ1 ሜትር ወደ 70 ሴንቲሜትር ስቀርብ ወደ 3 ዲሲቤል አገኛለሁ፤ ሁለቱ ስፒከሮች አብረው ሲሠሩም ሌላ ወደ 3 ዲሲቤል ይጨመራል።

በእኛ አገር ከዚህ ላይ የሚቀነስ ነገር አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ስለሆኑ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። የስፒከሩ ሸራ የሚገፋው አየር ሲሳሳ የሚፈጠረው ግፊትም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ ያው ስፒከር በያው ኃይል እዚህ ወደ 2 ዲሲቤል ዝቅ ብሎ ይሰማል። ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለው አየርም እንደ ሞላ ሲታይ በመጠኑ ይላላል። የፖርት (በሣጥኑ ላይ ያለው ባሱን የሚያግዝ የአየር ቀዳዳ) ድምፅ ግን አይለወጥም፤ እርሱ የተመሠረተው በድምፅ ፍጥነት ላይ ሲሆን፣ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ የሚለዋወጠው በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይደለም። ይህን የሚነግር የስፒከር ካርቶን አይቼ ስለማላውቅ እዚህ በዝርዝር አስፍሬዋለሁ።

ሁሉም ተደምሮና ተቀንሶ ለእያንዳንዱ ስፒከር 1 ዋት ብቻ ሲሰጥ ወደ 89 ዲሲቤል ይደርሳል። በአሜሪካ ለሥራ ቦታ የወጣው የጤና መመሪያ 85 ዲሲቤልን ለ8 ሰዓት የመጨረሻ ወሰን ያደርገዋል፤ ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ 1 ዋት እንኳ ለረዥም ሰዓት ማድመጥ ከሚገባው ይበልጣል ማለት ነው። 10 ዋት ለከበሮ ምትና ለድንገተኛ ከፍታ በቂ መጠባበቂያ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፦ አምፕሊፋየርና ገመድ

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ አምፕሊፋየሩን መምረጥ ቀላል ሆነ። ቲፒኤ3116 የሚባለው ቺፕ ያለበትን፣ እጅ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የክላስ ዲ አምፕሊፋየር በ4,800 ብር ገዛሁ። ቺፑ ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ስለሚቀበል የኃይል ምንጭ አልገዛሁም፤ ከተበላሸ ላፕቶፕ የተረፈኝን 19 ቮልት፣ 65 ዋት አዳፕተር ተጠቀምሁ። በ8 ኦም ስፒከር ላይ ይህ ወደ 20 ዋት ይሰጣል። የላፕቶፕ አዳፕተር ሌላ ጥቅምም አለው፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል፣ ምሽት ላይ መብራቱ ሲደክምና አምፖሉ ሲፈዝ ከአምፕሊፋየሩ ጋር የተገናኘው 19 ቮልት ንቅንቅ አይልም።

በዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር ላይ የሁለቱን ስፒከሮች ኔጌቲቭ ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም። በድሮዎቹ ብዙ አምፕሊፋየሮች ኔጌቲቩ ከግራውንድ ጋር አንድ ነበር፤ በዚህኛው ግን ሁለቱም ተርሚናሎች ኃይል ስለሚያወጡ ማገናኘቱ ቺፑን ይጎዳዋል።

ለስፒከር ገመድ በግንባታ ዕቃ መደብር የሚሸጠው 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ በቂ ነው፤ በ3 ሜትር ርዝመት ደርሶ መልስ ያለው ሬዚስታንስ ከ0.1 ኦም በታች ነው። ከመግዛቴ በፊት የአንዱን ክር ጫፍ በቢላዋ ፋቅሁት። አንዳንዱ ገመድ ላዩ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ስለሆነ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የእኔው እስከ ውስጡ ቀይ ነበር።

ኅዳር መጀመሪያ፦ መርካቶ

ያገለገሉ ስፒከሮችን ለማየት መርካቶ ወረድሁ። ከቦርሳዬ ውስጥ ቴስተር፣ አንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ቁራጭ ሽቦና የእጅ ባትሪ ነበሩ።

ባለ 5 ኢንች ዉፈር የሆነ፣ ፖርቱ ከፊት የሆነ ጥንድ አገኘሁ፤ ዋጋው 9,000 ብር ነበር። «ጋሼ፣ ባትሪ ላስነካው?» ብዬ ስጠይቅ ባለሱቁ፣ «አስነካው ልጄ፤ ዕቃ ተደብቆ አይሸጥም» አሉኝ። የባትሪው ፖዘቲቭ ከቀዩ ተርሚናል ጋር ለቅጽበት ሲነካ ሸራው ወደ ውጭ መውጣት አለበት። የግራው ወጣ፤ የቀኙ ግን ወደ ውስጥ ገባ። ይህ ማለት አንድ ጊዜ ተከፍቶ ሽቦው ተገላብጦ ተመልሷል ማለት ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ባሱ ይጠፋል። ይህ ብቻ ቢሆን ሽቦውን ማገላበጥ ነው። ቴስተሩን ሳገናኝ ግን ግራው 5.9 ኦም፣ ቀኙ 3.6 ኦም አሳየ። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ወደ 6 ኦም ማሳየቱ ትክክል ነው፤ የሁለቱ እንዲህ መለያየት ግን የአንደኛው ዉፈር በሌላ ዓይነት መተካቱን ያመለክታል።

ቴስተሩ የሚነግረን ስለ ዉፈሩ ብቻ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ቱዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሹ ክፍል) የሚሄደው መንገድ በካፓሲተር ስለሚዘጋ የባትሪ ኃይል አያልፈውም፤ ቱዊተር የሚፈተነው በሙዚቃ፣ ጆሮን አስጠግቶ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያየሁት ጥንድ ከውጭ ሲታይ እጅግ ያማረ ነበር። በሸራው ዙሪያ ያለውን ቀለበት በእጅ ባትሪ እያበራሁ በጣቴ ጫፍ ስነካው ግን እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ጣቴ ላይ ቀረ። ቀለበቱ ፎም ከሆነ በዓመታት ብዛት ይበሰብሳል፤ ጎማ ከሆነ ግን ብዙ ዘመን ይቆያል። ስለዚህ ያገለገለ ስፒከር ሲገዛ መረቡን አውልቆ ይህን ቀለበት መንካት የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት።

ከሆቴልና ከካፌ የተነቀሉ ትንንሽ የግድግዳ ስፒከሮችም አሉ፤ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ፣ ብዙ ስፒከሮችን በረዥም ገመድ ለሚያገናኝ የ100 ቮልት መስመር የተሠሩ ስለሆኑ በውስጣቸው ትራንስፎርመር አለ። በ10 ዋት ላይ የተደረገ የዚህ ዓይነት ስፒከር ኢምፔዳንሱ (ለድምፅ ኃይሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) 1,000 ኦም ነው፤ ከቤት አምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ ድምፁ እጅግ ያንሳል። ቴስተሩ በጣት ከሚቆጠር ኦም ይልቅ ብዙ አሥሮችን ወይም መቶዎችን ካሳየ ነገሩ ይኸው ነው። ትራንስፎርመሩን አውጥቶ በቀጥታ ማገናኘት የሚቻልባቸው አሉ፤ እኔ ግን ሣጥን መክፈት ስላልፈለግሁ ተውሁት።

ኅዳር አጋማሽ፦ ትልቁ ጥንድ

ጓደኛዬ ባለ 6.5 ኢንች ዉፈር የሆነ አሮጌ ጥንድ አዋሰኝ። የሣጥኑ ቁመት 38፣ ጥልቀቱ 28 ሴንቲሜትር ሲሆን ፖርቱ ከኋላ ነው። ከግድግዳ 5 ሴንቲሜትር ሳርቀው ከጠረጴዛው ጥልቀት ከግማሽ በታች ብቻ ቀረኝ።

ባስ ጊታሩ በአንዳንድ ኖታ ላይ ክፍሉን ሲሞላ በሌላው ይጠፋ ነበር። ከስልኬ የ60 ኸርዝ ድምፅ ከፍቼ ስሰማ ያበጠው በትክክል እዚያው፣ በወርዱ ሒሳብ የወጣው ላይ ነበር። ፖርቱን በስፖንጅ ስደፍነው በመጠኑ ቀነሰ። ሌላም ነገር አስተዋልሁ፤ የዉፈሩና የቱዊተሩ መሃል እርስ በርስ ስለሚራራቅ በቅርብ ሲደመጥ የዘፋኙ ድምፅ ከአንድ አፍ አይወጣም፤ «ሰ» እና «ሸ» ከላይ፣ የቀረው ከታች ሆኖ ይሰማል። ጥንዱን በሁለት ወንበሮች ላይ አድርጌ ከግድግዳ ስለየውና ከአልጋው ጫፍ ሆኜ ስሰማው ግን ሁለቱም ጉድለቶች ጠፉ፤ ማሲንቆው በተለይ ግሩም ነበር። ስፒከሩ መልካም ነው፤ የተሠራው ግን ለሳሎን ነው።

በማግስቱ ከሥር የሚኖሩት እናት ደረጃ ላይ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ ዘፈኑ አልሰለቸኝም፤ ድምድምታው ግን አልጋዬ ድረስ ይመጣል» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ጥንዱን በዚያው ዕለት ለባለቤቱ መለስሁ። ዝቅተኛ ድምፅ በብሎኬትና በወለል ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ከእርሳቸው የተሻለ የሚለካ መሣሪያ የለኝም፤ ሰብዉፈር (ለባስ ብቻ የሚሆን ስፒከር) የመጨመሩም ሐሳብ እዚህ ላይ ቀረ።

ኅዳር መጨረሻ፦ በወረቀት ላይ የቀሩት

ከውጭ የምትመጣ የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋ ውስጥ ጥንድ ስፒከር ልትይዝልኝ ስለፈቀደች ምርጫውን በልክ አደረግሁት። ኢላክ ዴቢዩ ቢ5.2 ፖርቱ ከፊት መሆኑ ለግድግዳ ተስማሚ ነው፤ ቁመቱ ግን ወደ 34 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ5 ደግሞ ቁመቱ ከ33 በላይ፣ ጥልቀቱ 22 ሴንቲሜትር ነው፣ ፖርቱም ከኋላ ነው። ኪው አኩስቲክስ 3010አይ ባለ 4 ኢንች ዉፈር ሆኖ ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር ብቻ ሲሆን፣ ፖርቱን የሚደፍን ስፖንጅም አብሮት ይመጣል፤ በጣም የፈለግሁት እርሱን ነበር። ጥልቀቱ ግን እንደ ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር ነው። የስፒከር ፎቶ ሁልጊዜ ከፊት ስለሚነሣ ገዢው ቁመቱን ያያል፤ ጠረጴዛ ላይ ቦታ የሚበላው ግን ጥልቀቱ ነው።

የቀረው ሚካ ኤምቢ42ኤክስ ነው። ባለ 4 ኢንች ዉፈር፣ ሴንሲቲቪቲው 85 ዲሲቤል፣ ቁመቱ 24፣ ወርዱ 15 ገደማ፣ ጥልቀቱ 16.5 ሴንቲሜትር። ፖርቱ ከኋላ ቢሆንም ሣጥኑ አጭር ስለሆነ ከግድግዳ 12 ሴንቲሜትር ማራቅ ይቻላል። ድርጅቱ የሚጠቅሰው ዝቅተኛ ድምፅ 60 ኸርዝ ነው፤ ይህም ክፍሉ ራሱ ከሚያግዝበት ከ61 ኸርዝ ጋር ይገጥማል። የባስ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ገደማ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም የዚያ ክር ሁለተኛ ሃርሞኒክ (ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር አብሮ የሚወጣው እጥፉ) 82 ኸርዝ ላይ ስለሚገኝ፣ ጆሮ ከእርሱና ከላይኞቹ ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ይሞላዋል። ለአክስቴ ልጅ 13,500 ብር ሰጠሁና አዘዝሁ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፦ አቀማመጥ

ስፒከሮቹ መጡ። መጀመሪያ በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ በመካከላቸው 75 ሴንቲሜትር ትቼ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙሬ አስቀመጥኋቸው። ባሱ የተረጋጋ፣ ዘፋኙም መሃል ላይ የቆመ ሆነ፤ ነገር ግን የክራሩ ድምፅ ውስጡ የተቦረቦረ ይመስል ነበር።

ምክንያቱ የጠረጴዛው ገጽ ነው። ቱዊተሩ ከጠረጴዛው 20 ሴንቲሜትር፣ ጆሮዬ 40 ሴንቲሜትር ከፍ ሲሉና በመካከላቸው 70 ሴንቲሜትር ሲኖር፣ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ወደ 73፣ ጠረጴዛውን ነክቶ የሚመጣው ደግሞ ወደ 92 ሴንቲሜትር ይጓዛል። በ19 ሴንቲሜትር ዘግይቶ የሚደርሰው ድምፅ በ880 ኸርዝ አካባቢ ከመጀመሪያው ጋር ስለሚጣረስ አንዱ ሌላውን ይሽረዋል፤ ይህ ደግሞ ክራርና የሰው ድምፅ ያሉበት ክልል ነው።

በመጀመሪያ ከስፒከሮቹ ሥር ከፊት በኩል መጽሐፍ አድርጌ ወደ ኋላ አጋደልኋቸው። ቱዊተሩ ወደ ጆሮዬ በመዞሩ ከፍተኛው ድምፅ ጠራ፤ መቦርቦሩ ግን አልጠፋም፣ የሁለቱ መንገዶች ርዝመት አልተለወጠምና። ከዚያ ድምፁ ከጠረጴዛው ላይ የሚነጥርበትን ነጥብ ለማግኘት የፊት መስታወት በጠረጴዛው ላይ አንጋልዬ ቀስ እያልሁ አንሸራተትሁት። ከመቀመጫዬ ሆኜ ቱዊተሩን በመስታወቱ ውስጥ የማየው ከስፒከሩ ፊት 23 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ነበር፤ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ይቀረዋል። ስፒከሩ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ይህ ነጥብ ወደ 35 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ ይሆናል ማለት ነው።

በሰፈራችን ያለው አናጢ ከባለ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ቁራጭ 20 ሴንቲሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት ሣጥኖች በ1,200 ብር ሠራልኝ። ባዶ ሣጥን ራሱ እንደ ከበሮ ስለሚያስተጋባ በፀሐይ የደረቀ አሸዋ ሞላሁባቸው። ከጎሚስታ ያገኘሁትን አሮጌ ከመነዳሪ በአራት ማዕዘን ቆርጬ ከስፒከሩም ከሣጥኑም ሥር አደረግሁ፤ እጄን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ ቀድሞ ይሰማኝ የነበረው ንዝረት ከሞላ ጎደል ቆሟል።

መስታወቱን ደግሜ ሳንሸራትት ቱዊተሩ በጠረጴዛው ላይ በየትም ቦታ አልታየም። ክራሩም ሞላ። በበገና ሞከርሁት፦ ከክሩና ክሩን ከሚደግፈው እንጨት፣ ከበርኩማው፣ መካከል የሚገባው እንዝራ የሚባለው ቀጭን ቆዳ የሚፈጥረው ዝዝታ ከእያንዳንዱ ክር ጋር ተለይቶ፣ ከዜማው ሳይነጠል ይሰማል። በትልቁ ጥንድ ይህ ዝዝታ ከባሱ ሥር ይቀበር ነበር።

ታኅሣሥ አጋማሽ፦ የሚያጉረመርመው

ላፕቶፑ ቻርጅ ሲደረግ ከስፒከሮቹ ቀጭን ጉርምርምታ ይመጣ ነበር፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል። የላፕቶፑን ብረት በእጄ ስነካም ይቀንስ ነበር። ይህ ምልክት የሚያመለክተው ሶኬቱ ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሦስተኛው ሽቦ) እንደሌለው ነው። መጀመሪያ ሁለቱን አዳፕተሮች በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰካሁ፤ ተሻለ እንጂ አልጠፋም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቼ ሶኬቱን ሲከፍተው ሦስተኛው ሽቦ በግድግዳው ውስጥ እያለ ሳይታሰር ቀርቶ ነበር። አሰረው፣ በቴስተርም አረጋገጠ፤ 500 ብር ከፈልሁት። ጉርምርምታው ጠፍቷል፤ ለደኅንነትም ቢሆን መታሰሩ ግድ ነበር።

አሁን በላፕቶፑ ኢኳላይዘር ላይ ያለው ለውጥ አንድ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ቅርበት የተነሣ የሚጨመረውን ለማካካስ 120 ኸርዝ አካባቢን በ3 ዲሲቤል ዝቅ አድርጌያለሁ። ፖርቱን በስፖንጅ መድፈንም ሞክሬ ነበር፤ ባሱ ከሚገባው በላይ ስለሳሳ አወጣሁት። ከሥር ያሉትን እናት ማታ በማደምጥበት ልክ ከፍቼ እንዲያዳምጡልኝ ጠይቄአቸው፣ ምንም እንዳልተሰማቸው ነግረውኛል። የሚቀረው ከጀርባዬ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው፤ ሳጨበጭብ አሁንም ይጮኻል፤ በሚቀጥለው ወር ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ሰቅዬበት እሞክራለሁ።